ኤሊዋ ተኝታ አይደለም

ባለፉት እትሞች ስለ ልጆች ጥናትና ስለ ቤት ወጪ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ የሚያሰኝ ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስለ ኤሊ ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ ከደብረ ማርቆስ አንዲት እህት የላከችልኝ ደብዳቤ ነው። የባለቤቷ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በግንቦት መጨረሻ ከቆላ ሲመለስ ለልጆቹ ብሎ አንዲት ኤሊ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞላቸው መጣ። ልጆቹ ለሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተለዩም። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር ኤሊዋ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ገባች፤ አንገቷን ሰበሰበች፤ መብላትም አቆመች። የግቢው አዛውንቶች «ኤሊ ክረምቱን ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ አትቀስቅሷት» አሉ። እህታችን የጻፈችልኝ እንግዲህ «ትተኛ ብዬ ልተዋት ወይስ የማደርግላት ነገር አለ? ትንሹ ልጄ ማለዳ ማለዳ እየተነሣ ሞታ እንደሆነ ሄዶ ያያል» ብላ ነው።

መልሱን ለእርሷ በስልክ ነግሬአታለሁ፤ መጽሔቱ እስኪታተም የሚቆይ ነገር አይደለምና። ነገር ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ሰዎች ስለ ሰማሁ ነገሩን ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም ላቅርበው። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ነገረ መለኮት ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቴ በመተሐራ ባገለገለባቸው ዓመታት እነዚህን ኤሊዎች በገዛ ሜዳቸው አይቻቸዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከገባን በኋላም የአንድ ጎረቤታችን ኤሊ ስምንት ክረምት ስታሳልፍ በቅርብ ተከታትያለሁ፤ ስለ ጉዳዩም የቻልኩትን ያህል አንብቤአለሁ።

መልሱ አጭር ነው። ኤሊዋ ተኝታ አይደለም። በርዷት ነው። ከብርድ ካላወጣችኋት ደግሞ ክረምቱን ላትጨርስ ትችላለች።

«ኤሊ ክረምት ትተኛለች» የሚለው ወሬ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የሚተኙ ኤሊዎች አሉ። በደቡብ አውሮፓና በሰሜን አፍሪካ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ኤሊዎች ብርዱ ሲመጣ አፈር ቆፍረው ገብተው ወራት ይተኛሉ። ስለ ኤሊ አያያዝ የተጻፉት መጻሕፍትና በስልካችን የምናነባቸው ምክሮች አብዛኞቹ ስለ እነዚህ የሚናገሩ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው ታሪክ የአንድ እንግሊዛዊ አገልጋይ ነው። ጊልበርት ኋይት የሚባል በሴልቦርን መንደር የሚኖር ካህን በ1780 እ.ኤ.አ. ከአክስቱ ቤት አንዲት አሮጌ ኤሊ ወረሰ። አክስቱ 40 ዓመት ያህል ያቆየቻት ነበረች። በመጋቢት ወር ከተኛችበት ጉድጓድ አውጥቶ፣ አፈር በሞላ ሣጥን ውስጥ አድርጎ፣ በፈረስ ሠረገላ 80 ማይል ያህል አጓጓዛት። የመንገዱ ንውጽውጽታ ቀስቅሷት ስለ ነበር ግቢው ውስጥ ሲለቃት ሁለት ጊዜ እስከ አትክልቱ ሥፍራ ጫፍ ሄደች። ሲመሽ ግን አየሩ ስለ ቀዘቀዘ መልሳ አፈር ውስጥ ተቀበረች። ኋይት ይህን ሁሉ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መዝግቦታል። ዝናብ ምን ያህል እንደምትጠላም በመገረም ጽፏል። እንዲህ ያለ ትልቅ ቅርፊት ያላት ፍጥረት ገና ጥቂት ጠብታ ሲወርድ ሮጣ ትሸሸግ ነበር። (ቲሞቴዎስ ብለው በወንድ ስም ይጠሯት ነበር፤ ሴት መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ቅርፊቷ ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።)

የኋይት ኤሊ አፈር ውስጥ ተቀብራ በሰላም የተኛችው ተፈጥሮዋ ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ የሚመጡት ግን የሌላ አገር፣ የሌላ ወገን ናቸው። በአብዛኛው የምናያት በቢጫ ቅርፊቷ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ናት፤ ሊቃውንቱም የነብር ኤሊ ይሏታል። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሣር ሜዳና በቁጥቋጦ ምድር ትገኛለች። በመተሐራ ከዝናብ በኋላ መንገድ ሲያቋርጡ መኪና አቁመን እናሳልፋቸው ነበር። ሌላዋ፣ በሰሐራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የምትገኘው፣ ከነብር ኤሊ በጣም የምትበልጥና ጥልቅ ጉድጓድ የምትቆፍር ናት። ሁለቱም የክረምት እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰውነታቸው ለዚያ አልተሠራም።

አሁን ደብረ ማርቆስን አስቡ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጮቄ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይን በናፍቆት ነው የምንጠብቃት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ቀኑ ብሩህ ሆኖ ሌሊቱ ብርድ ነው። እኛ ጋቢ እንደርባለን፤ እሳት እንሞቃለን። ኤሊ የገዛ ሙቀቷን ማመንጨት አትችልም። አየሩ 10 ዲግሪ ከሆነ እርሷም ወደ 10 ዲግሪ ትወርዳለች። ያን ጊዜ ልቧ ይዘገያል፤ እግሯ አይታዘዝላትም፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሆዷ ሥራ ያቆማል። የበላችው ሣር ሳይፈጭ በውስጧ ይቦካል። ሳንባዋም ብርድና እርጥበት ሲደራረብበት ይታመማል፤ በአፍንጫዋ ውኃ ወይም አረፋ ይወጣል፤ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ኤሊ አታለቅስም፣ አትጮኽም። ዝም ብላ ታንቀላፋለች። ስለዚህ ነው ሰው ሁሉ «ተኝታለች» የሚለው።

እንግዲህ ኤሊን ለአዲስ ቤት ማለማመድ በጎጃም ደጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሙቀት ጉዳይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ጠንካራ የእንጨት ሣጥን ፈልጉ፤ ለትንሽ ኤሊ ርዝመቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከሲሚንቶ ወለል ላይ በጣውላ ከፍ አድርጉት፤ ሲሚንቶ ብርድ ይጠጣልና። ውስጡን የደረቀ ሣር አንጥፉበት። የጤፍ ጭድ አቧራው አፍንጫዋን ስለሚያስቸግር ሣሩ ይሻላል። በሣጥኑ አንድ ጫፍ በላይ በኩል አምፖል አንጠልጥሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ክሩ የሚግለው የድሮው አምፖል ነው የሚያስፈልገው። አሁን በየሱቁ የሞላው መብራት ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም፤ አንድ ወንድም እርሱን አብርቶ «እያሞቅኋት ነው» ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። አምፖሉ ሣርም ሆነ እንጨት እንዳይነካ በሽቦ ጥሩ አድርጋችሁ እሰሩት። ከአምፖሉ ሥር ልክ በኤሊዋ ጀርባ ከፍታ ላይ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ደቂቃ ያህል አቆዩ፤ ካቃጠላችሁ እርሷንም ያቃጥላታል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ከአምፖሉ ሥር ከ30 እስከ 33 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ 24 አካባቢ ይሁን። ሁለቱም ጫፎች ያስፈልጓታል። ሲበርዳት ትጠጋለች፣ ሲሞቃት ትርቃለች፤ ምርጫውን ለእርሷ መተው ነው።

ሌሊቱን ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። መብራት ሲጠፋስ? (መብራት የማይጠፋበት አገር የምትኖሩ አንባቢያን ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ፍል ውኃ የሞላ ትንሽ ጀሪካን ወይም የሃይላንድ ፕላስቲክ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሣጥኑ አንድ ጎን አስቀምጡ፤ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይኑር። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለኤሊ ብላችሁ እንዳታስገቡ አደራ እላለሁ። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው በየዓመቱ ሰው ይገድላል፤ እንኳን ለኤሊ ለአራስም ቢሆን አይደረግም።

በጋ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። የደጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ ኤሊም አጥንቷንና ቅርፊቷን የምታጠነክረው በፀሐይ ነው። ያለ ፀሐይ ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፤ ይጣመማል። ብዙ ሰው ግን በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ይበቃታል ብሎ ያስባል። መስተዋት የፀሐይን ሙቀት ያሳልፋል እንጂ ለአጥንት የሚጠቅመውን ጨረር ያስቀራል። ስለዚህ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ምድሩ ሲሞቅ ወደ ግቢ አውጧት፤ ከ10 ሰዓት በፊት መልሷት። የምትጠለልበት ጥላም ይኑራት። ኤሊ በጀርባዋ ተገልብጣ ፀሐይ ላይ ከቀረች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትሞታለች።

አሁን ወደ ልጆች እንምጣ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ኤሊ ወደ ቤት የምትመጣው በእነርሱ ስም ነው። አዲስ የመጣች ኤሊ ረጅም መንገድ ተጉዛለች። ከአዲስ አበባ እንኳ ብትነሣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ በሙቀት፣ ደጀንን ወጥታ ማርቆስ ስትደርስ በብርድ ተመትታለች፤ ያውም በከረጢት ውስጥ። ከዚያ ደግሞ ሰባት ልጅ ተሰብስቦ አንዱ ሲያነሣት፣ አንዱ ሲገለብጣት፣ አንዱ እንጨት ሲሰድባት ይውላል። በእኛ በአገልጋዮች ቤት ደግሞ ሰው አይታጣም፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ «እስቲ ኤሊዋን አሳዩን» ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንም አያንሣት። ምግቧን አስቀምጡ፣ ውኃዋን ቀይሩ፣ ከዚያ ሂዱ። ሙቀቷ የተስተካከለላት ጤነኛ ኤሊ ለሳምንት ያህል ባትበላ አትደንግጡ፤ አካባቢውን እያጠናች ነው። አፏን በግድ ከፍታችሁ ማጉረስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። የዚህች ግን ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ እርሷም ብርድ ላይ ናት፤ ስለዚህ እህታችን በዚያው ቀን እንድታሞቃት ነገርኋት።

ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ብታስረዷቸው ሌላው ይከተላል። ቅርፊቱ ቤት አይደለም፤ ሰውነቷ ነው። የጀርባ አጥንቷና የጎን አጥንቶቿ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሲነኳት ይሰማታል፤ ሲሰበር ይደማል። ስለዚህ ቀለም አይቀባም፣ ስም አይጻፍበትም፣ ገመድ ለማሰር አይበሳም። ላይዋም አይቀመጡም። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዐይኑ እንዴት እንደሚፈጥ አይቻለሁ።

በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ሌላው ጉዳይ እጅ መታጠብ ነው። ኤሊዎች ጤነኛ ሆነው እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ በሆዳቸው ሊሸከሙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የቅርፊታቸው ርዝመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ ልጆች ትናንሾቹን ወደ አፋቸው ያስገቧቸው ነበርና። ኤሊዋን የነካ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ። ሣጥኗ ማድ ቤት አይግባ፤ ሳፋዋም ዕቃ የሚታጠብበት ሳፋ አይሁን። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባይነካት ይመረጣል።

እግረ መንገዴን፣ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አንዷ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን አንሥተው ኤሊ በርኩሳን ዝርዝር ውስጥ መጠራቷን አስታውሰውኛል። እውነት ነው፤ ተጠርታለች። ነገር ግን ምዕራፉ ስለ መብልና ስለ በድን የሚናገር የብሉይ ኪዳን ሥርዓት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ኤሊዋን ሊበላ የተነሣ ሰው የለም። ስለ እንስሳት መራራት ምሳሌ 12፥10ን ከልጆቻችሁ ጋር ብታነቡ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ምግቧ በጎጃም ሞልቷል። የነብር ኤሊ ሣር በል ናት። ሰርዶ ከሁሉ ይስማማታል። በክረምት ሜዳውን የሚሞላው ማገጥም ጥሩ ነው። በበጋ ድርቆሽ ይሰጣታል። ድርቆሽ ስል የሣሩን ማለቴ ነው፤ የእንጀራውን አይደለም! ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቤት ኤሊዋን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ አልፎ አልፎም ሥጋና ወተት ያበሏታል፤ እርሷም ትበላለች። መብላቷ ግን መልካም ስለሆነላት አይደለም። ፕሮቲንና ስታርች የበዛበት ምግብ ሆዷን ይረብሻል፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን፤ በየቀኑ ሲሆን የእንቅርት ዓይነት ችግር ያመጣል። ሰላጣ ውኃ ነው፤ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ሙዝና ፓፓያ ለበዓል ያህል ብቻ። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ወቅጣችሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሣሩ ላይ ነስንሱላት፤ ለቅርፊቷ የሚሆን ካልሲየም ከዚያ ታገኛለች።

የበለስ ቅጠል እሾሁ ተለቅሞ ቢሰጣት ደስ ይላታል፤ መጻሕፍቱም ያመሰግኑታል። ታዲያ አንዳንድ ሰው በለስንም ቁልቋል እያለ ስለሚጠራ ነገሩ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወተት የሚያወጣው የእኛው ቁልቋል መርዝ ነው፤ ቅንጭብም እንዲሁ። አጥራችሁ ቅንጭብ ከሆነ ኤሊዋ እዚያ እንዳትደርስ አድርጉ። እንዶድ፣ የጉሎ ፍሬና አስተናግርም ከምትሰማራበት ይነቀሉ።

ውኃዋን ጠፍጣፋ በሆነ ዕቃ ስጧት፤ በቀላሉ ገብታ የምትወጣበት ይሁን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ለብ ባለ ውኃ እስከ አገጯ ሥር በሚደርስ ልክ 20 ደቂቃ ያህል ሳፋ ውስጥ አቁሟት። ትጠጣለች፣ ሆዷም ይለቃል። ይህን ጠዋት አድርጉት እንጂ ማታ አይሁን፤ ከዚያም በፎጣ አድርቃችሁ አምፖሉ ሥር መልሷት። በአማርኛችን የውኃውንም የየብሱንም ኤሊ በአንድ ስም ስለምንጠራ አንዳንዱ ኤሊ ሲባል ዋና የሚችል ይመስለዋል። እግሯን እዩ። እንደ ዝሆን እግር ድቡልቡል ከሆነ የየብስ ናት፤ በባልዲ ውኃ ውስጥ ብትጥሏት ትሰጥማለች።

የግቢው አጥር ነገር ቀላል አይደለም። ኤሊ በአጥሩ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ ማየት ከቻለች ቀኑን ሙሉ ስትገፋው ትውላለች፤ አፍንጫዋ እስኪላጥ ድረስ። ስለዚህ ከሥር በኩል ሁለት ስንዝር ያህል በቆርቆሮ ወይም በጣውላ ጋርዱት። የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ ክፍት የውኃ ቦይ ይከደን። ውሻ የኤሊን ቅርፊት እንደ አጥንት ይቆረጥመዋል፤ ለዓመታት የተላመደ ውሻ እንኳ አንድ ቀን ብቻውን ሲያገኛት ሊያደርገው ይችላል። ማታ ማታ ደግሞ የማርቆስ ጅብ የማይገባበት ግቢ የለም። ሲመሽ ወደ ቤት መግባት አለባት፤ ለዚህም ነው ሣጥኑ በበጋም የሚያስፈልገው።

ሚዛን ካላችሁ በሳምንት አንድ ቀን መዝኗትና ደብተር ላይ ጻፉ። ይህ ለትልቁ ልጅ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው። ኤሊ ስትታመም ፊቷ አይለወጥም፤ ደብተሩ ግን ክብደቷ ሳምንት በሳምንት መቀነሱን ይናገራል። በተከታታይ ከቀነሰች፣ አፍንጫዋ ከፈሰሰ፣ ዐይኗ ካበጠ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት።

እዚያ ስትሄዱ ግን አንድ ቃል በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በወረቀት ጻፉት። አይቨርሜክቲን። በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ቀኑን ሙሉ በሬና በግ ሲያክሙ የሚውሉ ናቸው፤ ለውስጥና ለውጭ ጥገኛ ተሕዋስያን ይህን መድኃኒት ይወጋሉ፤ ለከብቱም መልካም መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤሊዎችን ሽባ እንደሚያደርግና እንደሚገድል አሳይቷል፤ የነብር ኤሊም ከተጎጂዎቹ አንዷ ነበረች። ሐኪሙን በትሕትና «ይህ ለኤሊ አይሆንም ተብሏልና ሌላ ይፈልጉልን» በሉት። ጥያቄው ከበድ ካለ በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራን ምክር ሊሰጡት ይችላሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ኤሊዋ ቤት ከገባች በኋላ ስላለው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ሹፌሩ ኤሊዋን ያመጣት ከመንገድ ዳር ነው። አንድ ልጅ ከሜዳ ለቅሞ ይዟት ነበር፤ በጥቂት ብር ሸጠለት። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ይህንኑ ደንግጎ ነበር። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። ሰው አዝኖላት ሲገዛት ልጁ በማግሥቱ ሌሎች ሁለት ይለቅማል። አዝናችሁ አትግዙ። ዘመዶቻችሁ ሹፌሮች ከሆኑ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ዕድሜዋንም አስቡ። የነብር ኤሊ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ከሌላ ወገን የሆነው ጆናታን የሚሉት ግዙፍ ኤሊ በ1882 እ.ኤ.አ. ትልቅ ሆኖ ወደ ሴንት ሄለና ደሴት የተወሰደ ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. 190 ዓመት እንደሞላው ተቆጥሮ ልደቱ ተከብሮለታል። ለስድስት ዓመት ልጅ የተሰጠች ኤሊ የልጅ ልጁን ልታይ ትችላለች ማለት ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ያሞቃታል? በየቤቱ የማየው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ተረስታ ከቆርቆሮ ሥር የምትቀር ኤሊ ነው።

«እንግዲያስ ወስደን ከተማው ዳር እንልቀቃት» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ማርቆስ ዙሪያ ያለው ገደልና ወንዝ አገሯ አይደለም፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ሌሊት ይገድላታል። ወደ ቆላ ወስዶ መልቀቅም ቢሆን በባለሙያ ካልሆነ አይደረግም፤ ከሰው ቤት የያዘችውን በሽታ በሜዳ ላሉት ልታስተላልፍ ትችላለች። ትክክለኛው መንገድ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በክልሉ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አቅራቢያ ያቋቋመው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማእከል አለ፤ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎች፣ ኤሊዎችም ሳይቀሩ የተጠለሉበት ሥፍራ ነው። እናንተ በፈቃዳችሁ ስታሳውቁ ነገሩ በመልካም ያልቃል።

እህታችን ከባለቤቷ ጋር ተመካክረው ለማሳወቅ ወስነዋል። ትንሹ ልጅ አልቅሷል፤ ትልቋ ግን የክብደት ደብተሩን ከኤሊዋ ጋር እንድትልክ ጠይቃለች። ምላሹ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው አምፖሉ አይጥፋ። መብራት ከሄደ ደግሞ ጀሪካኑን ማታ 3 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዴ ለውጡላት።